ከቴክኒሻን ወደ መሐንዲስ፦ በጎጃም አንድ ፋብሪካ ውስጥ የታየ የደረጃ ዕድገት ጉዳይ

ጉዳዩ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አስፋልት ዳር ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የሆነ ነው። የድርጅቱንም የሠራተኛውንም ስም አልጠራም፤ ሠራተኛውን ባለጉዳዩ እያልኩ እቀጥላለሁ። በጊዜው በሰው ሀብት መምሪያ የሥልጠና ባለሙያ ነበርኩ፤ የዕድገት ኮሚቴውንም ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ማመልከቻዎቹን፣ የግል ማኅደሩንና የጥገና መዝገቡን ያየሁት በዚያ ምክንያት ነው። ባለጉዳዩ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል። የጻፍኩት ደግሞ ነገሩ በእሱ ላይ ብቻ የደረሰ ስላልሆነ ነው። የሞተር ሕመም ከድምፁ የሚለዩ፣ ፋብሪካው ሲቆም ከእንቅልፋቸው የሚጠሩ፣ ግን ከቴክኒሻን መደብ ሳይወጡ ጡረታ የሚደርሱ ሰዎች በየድርጅቱ አሉ።

የባለጉዳዩ መነሻ

ባለጉዳዩ የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ልጅ ነው። በ2002 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተፈትኖ መሰናዶ የሚያስገባ ውጤት አልመጣለትም። ደብረ ማርቆስ ወርዶ ቴክኒክና ሙያ ገባ፤ ኤሌክትሪክ ተማረ። ያን ጊዜ በአካባቢው ቴክኒክና ሙያ የሚገባ ልጅ እንደ ወደቀ ይታይ ነበር፤ አባቱም ለጎረቤት ሲነግሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ እንደነበር አጫውቶኛል። እስከ ደረጃ 4 ዘለቀ። የብቃት ምዘናውን፣ ሁላችንም ሲኦሲ የምንለውን፣ በሁለተኛው ሙከራ አለፈ። ብዙ ጓደኞቹ አንዴ ከወደቁ በኋላ ትተውት ወደ ሥራ ሄደዋል። ያ ወረቀት ዓመታት ቆይቶ ዋጋ እንደሚያወጣ ወደፊት እንመለስበታለን።

በ2007 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ቴክኒሻንነት ተቀጠረና ከአንድ አንጋፋ ፎርማን ጋር በሺፍት ተመደበ። በ2009 ዓ.ም. ባሕር ዳር በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ኤሌክትሪካል ምህንድስና ጀመረ። ዓርብ ሌሊቱን በሥራ አድሮ ጎሕ ሲቀድ ሚኒባስ ይሳፈራል፤ እሑድ ማታ ይመለሳል። ሺፍት የሚቀያይሩት የሥራ ባልደረቦቹ ባይኖሩ አንድ መንፈቅም አይዘልቅም ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ትምህርቱ ተቋረጠ፤ አብረውት የጀመሩት ሲበተኑ እሱ ተመልሶ ቀጠለ። የጨረሰው በ2015 ዓ.ም. ነው፤ የመውጫ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ በሁሉም የትምህርት መስኮች ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠበት ዓመት። ማለፊያው 50 ከመቶ ነበር፤ አለፈ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ ሲከፈት ሥራው ለኢንዱስትሪው ቴክኒሻኖችን ማፍራት ነበር። በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዛሬ መሐንዲስ ያስመርቃል። ተቋሙ ሲያድግ የቴክኒሻን ዘመኑን ታሪክ ማንም አልፋቀበትም፤ እንዲያውም መኩሪያው ነው። ሰው ሲያድግ ግን ይፋቅበታል። ባለጉዳዩን የገጠመው ይኸው ነው።

ዜሮ ዓመት

ዲግሪውን ካስገባ ጥቂት ወራት ቆይቶ የውስጥ ዕድገት ማስታወቂያ ወጣ። መደቡ የኤሌክትሪክ ጥገና መሐንዲስ ነው፤ ተፈላጊ ችሎታው የመጀመሪያ ዲግሪና 2 ዓመት አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ። ባለጉዳዩ አመለከተ። በማወዳደሪያ ሰንጠረዡ ላይ በስሙ ትይዩ፣ የሥራ ልምድ በሚለው ዓምድ ሥር የተጻፈው «0» ነበር። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ መመሪያው የሚለው ያንን ስለሆነ። በድርጅቱ መመሪያ ለባለሙያ መደብ የሚቆጠረው ከዲግሪ በኋላ፣ በዲግሪ ደረጃ የተሠራ ሥራ ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመት ገደማ የያዘው የግል ማኅደር ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ፣ ኮሚቴው በአሥር ደቂቃ ውስጥ «አያሟላም» ብሎ አለፈው።

ሌላ በር ነበረ ለማለት ያህል ነበረ። ለጀማሪ መሐንዲስ መደብ ልምድ አይጠየቅም፤ ድርጅቱ ግን ያንን መደብ የሚሞላው ከውጭ በሚወጣ ማስታወቂያ ነው። ባለጉዳዩ በዚያ ልግባ ቢል መጀመሪያ ሥራ መልቀቅ፣ ከዚያ እንደ አዲስ ተወዳድሮ መቀጠር አለበት። የሚቀጠርበት መነሻ ደመወዝ ደግሞ በቴክኒሻን እርከን ከደረሰበት ያንሳል። ሚስትና ሁለት ልጆች ያለው ሰው ይህን አያደርግም። በዚያው ዓመት በጀማሪነት የተቀጠሩት ሁለት ወጣቶች ጎበዞች ነበሩ፤ የኤሌክትሪክ ፓነሉን ከፍቶ ያስጎበኛቸው፣ የትኛው ብሬከር የትኛውን መስመር እንደሚይዝ ያሳያቸው ግን እሱ ነው።

መመሪያው ያለ ምክንያት የወጣ አልነበረም፤ ይህን መካድ ፍትሕ አይሆንም። ያዘጋጁት ሰዎች ሁለት ነገር ፈርተዋል። አንደኛው ሥራ ላይ እያሉ በአቋራጭ የተገዛ ዲግሪ ነው፤ ይህ ፍርሃት በአገራችን መሠረት አለው። ሁለተኛው፣ ቴክኒሻን የሠራው ሥራ የመሐንዲስ ሥራ አይደለም የሚለው ነው። መሐንዲስ የመለዋወጫ ዝርዝር መግለጫ ያዘጋጃል፣ በጀት ይገምታል፣ ብልሽት ለምን እንደተደጋገመ ይመረምራል፣ ለአቅራቢ ደብዳቤ ይጽፋል። ቴክኒሻን የታዘዘውን ይጠግናል። በወረቀት ላይ ልዩነቱ እንዲህ ቀጥ ያለ ነው።

የጥገና ክፍሉ ውስጥ ግን እንዲህ አልነበረም። ባለጉዳዩ ሲመረምር የኖረ ሰው ነው፤ የመረመረው ግን የትም አልተጻፈም። ኮሚቴው ውድቅ ካደረገው በኋላ የዓመታት የሥራ ትዕዛዞቹን አወጣሁና ተቀምጬ አነበብኳቸው። የሁሉም መልክ አንድ ነው፦ «ኩሽኔታ ተቀየረ፤ ተሞከረ፤ ሠራ።» «ኮንታክተር ተቀየረ፤ ሠራ።» ለምን ተበላሸ፣ ምን ተለካ፣ ከዚህ በፊት መቼ ተቀየረ፣ ምንም የለም። ቅጹም የሚጠይቀው የተሠራውን ሥራና የወሰደውን ሰዓት ብቻ ነው። ይህ ቅጽ የሰውን እጅ መዝግቦ ጭንቅላቱን የሚያስቀር ቅጽ ነው። እንዲህ ባለ መዝገብ ፊት የተቀመጠ ኮሚቴ፣ መመሪያው ቢፈቅድለት እንኳ፣ ምን አይቶ ይወስናል?

ባለጉዳዩ ቢሮዬ መጣ። አልተቆጣም፤ ደክሞት ነበር።

«እትዬ፣ ዘጠኝ ዓመት ምን ስሠራ እንደኖርኩ የሚናገር ወረቀት እዚህ ቤት የለም ማለት ነው?»

«የለም» አልኩት። «አንተ ካልጻፍከው ማንም አይጽፈውም።»

የብሎወሩ ሞተር

ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ ግጭቱ ሲበረታ መንገድ ይዘጋል፣ ኢንተርኔት ይቋረጣል። ለፋብሪካው ይህ ማለት ከአዲስ አበባ የሚመጣው የአቅራቢው ባለሙያ መምጣት አቆመ፣ መለዋወጫም ሳምንታት መንገድ ላይ መዋል ጀመረ ማለት ነው። ያ ወቅት ብዙ ነገር ጎድቶናል። የጥገና ክፍሉ ግን በስልክ የሚጠይቀው ሰው ሲያጣ በራሱ ጭንቅላት ለመቆም ተገደደ።

በዚያ መሐል የ110 ኪሎዋት የብሎወር (የአየር መንፊያ ማሽን) ሞተር ኩሽኔታ፣ ዘንጉ የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት፣ እንደገና ጮኸ። ይህ ሞተር ቀድሞ በስታር ዴልታ፣ የመነሻውን ኤሌክትሪክ ቀንሶ በሚያስነሣው በተለመደው ዘዴ፣ ይነሣ ነበር፤ ኩሽኔታውም ከሦስት ዓመት በላይ ያገለግል ነበር። ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ተብሎ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር ድራይቭ ከተገጠመለት ወዲህ ግን አራት፣ አምስት ወር አይሞላም። ሲበላሽ ይቀየራል፣ ግራሶው ይሞላል፣ ሞተሩ ይነሣል። ኩሽኔታው አስመስሎ የተሠራ ነው ያለ ነበረ። ግራሶው በዛ፣ ፑሌጃው ዞሯል፣ ቺንጊያው ከልክ በላይ ተወጥሯል ያሉም ነበሩ። ሁሉም ተሞከረ።

ባለጉዳዩ በዚህኛው ጊዜ የወጣውን ኩሽኔታ ቁርጥራጭ ብረት ማጠራቀሚያው ውስጥ አልጣለውም። አስቆርጦ ከፈተው። ኳሶቹ በሚሮጡበት ቀለበት ላይ፣ ዙሪያውን፣ በእኩል እኩል ርቀት የተሰለፉ ግራጫ መስመሮች ነበሩ። በቅባት እጥረት የተበላ ኩሽኔታ እንዲህ አይሰለፍም፤ ይቧጠጣል፣ ይጠቁራል። በውጥረት የተጎዳውም አንድ ወገኑ ይበላል እንጂ ዙሪያውን በእኩል አይመታም። እንዲህ የሚያደርገው በኩሽኔታው ውስጥ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ ነው። ድራይቩ ቮልቴጁን በከፍተኛ ፍጥነት እያበራና እያጠፋ ሲልክ በሞተሩ ዘንግ ላይ ቮልቴጅ ይጠራቀማል፤ መውጫ ሲያጣ በቀጭኑ የግራሶ ንጣፍ ዘልሎ በኳሶቹ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። እያንዳንዱ ዝላይ ዓይን የማያየው ጉድጓድ ይቆፍራል። በወራት ውስጥ ጉድጓዶቹ መስመር ይሠራሉ፣ መስመሮቹ ጩኸት ይሆናሉ።

ይህን ዩኒቨርሲቲ ተምሮታል። ነገር ግን ሰባት ዓመት ያህል የዚያን ሞተር ድምፅ ባይሰማ፣ ድራይቩ ከመገጠሙ በፊት የነበረውን ዕድሜ ባያስታውስ፣ ትምህርቱ ብቻውን እዚያ አያደርሰውም ነበር። ከስቶር የወጪ ደረሰኞችን ለቅሞ እያንዳንዱ ኩሽኔታ የወጣበትን ቀን በአንድ ገጽ ላይ አሰለፈ፤ ድራይቩ የተገጠመበትን ቀን በቀይ አሰመረበት። ገጹን ያየ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ግምቱን በልኬት ማጽናት ነበረበት። ተራ ቴስተር ይህን ፈጣን ቮልቴጅ አያሳይም፤ የቮልቴጅን ቅጽበታዊ ለውጥ በስክሪን የሚያሳይ ኦሲሎስኮፕ ያስፈልጋል፣ ፋብሪካው ደግሞ የለውም። ከሚያውቀው የኮሌጅ መምህር ለመዋስ ጠየቀ፤ የትውስት ደብዳቤውን እኔ አስፈረምኩለት። ሞተሩ እየሠራ በዘንጉና በአካሉ መካከል ሲለካ ከ15 ቮልት በላይ የሚዘል ጫፍ አገኘ። የድራይቩ ኬብል ከስታር ዴልታው ዘመን የቀረ፣ መከለያ የሌለው እንደነበረም ያን ጊዜ ተጻፈ።

መፍትሔው ሦስት ነገር ነበር። ከተጣለ የዲሲ ሞተር የካርቦን ብሩሽ አውጥቶ ከነስፕሪንጉ ዘንጉን እንዲነካ ገጠመው፤ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው ሳይሆን በብሩሹ ወደ መሬት እንዲወርድ። የሞተሩን አካል በጠፍጣፋ የመዳብ ሽሩባ ከድራይቩ ፓነል መሬት ጋር በአጭሩ አገናኘ። ሦስተኛው፣ ከጭነቱ ተቃራኒ ባለው ጫፍ የሚገባ፣ ውጭው ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ንጣፍ የተሸፈነ ኩሽኔታና መከለያ ያለው ኬብል እንዲገዛ ዝርዝር መግለጫ ጻፈ። ሁለቱ ሥራዎች ካለቁ በኋላ ሲለካ ጫፉ ከ2 ቮልት በታች ወርዷል።

ፎርማኑ ይህ ሁሉ ሲሆን አጠገቡ ነበሩ። ብሩሹን የያዘውን ቁራጭ ብረት በቶርኖ ያስወጡት እሳቸው ናቸው። ዘገባው ሲጻፍ ግን «ጋሼ፣ ስምዎን ላስገባ» ቢላቸው፣ «ብረቱን አስገባ፤ እኔ ምን ያደርግልሃል» ብለውት ነበር። አስገባቸው። ደግ አደረገ፤ ምክንያቱም በኋላ ኮሚቴው «ይህን ብቻህን ሠራኸው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልሰው ነበረው።

ኮሚቴው ፊት

ዘገባው ስድስት ገጽ ነው። የብልሽቱ ታሪክ፣ የተጠረጠሩት ምክንያቶችና የወደቁበት ማስረጃ፣ ልኬቱ፣ የተሠራው ሥራ፣ የሚገዛው ዕቃ ዝርዝር፣ ግምታዊ ወጪና ፋብሪካው በየቆመበት ሰዓት ያጣው ምርት። ለጥገና ሥራ አስኪያጁ አቀረበ፤ ግልባጩን ከአዲስ ማመልከቻ ጋር ለእኛ።

ሥራ አስኪያጁ አንብበው «ይህን ራሱ ቆሞ ያስረዳ» አሉ። እኔ በዚህ ውሳኔ እጅግ ደስ ብሎኛል። በጎጃም የቅኔ ቤት ተማሪ ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ መምህሩ ፊት ቀርቦ ካልነገረ፣ ታርሞና ተነቅፎ ካላለፈ፣ ቅኔ አወቀ አይባልም። የሙያ ዕድገትም እንዲህ ቢሆን ከማወዳደሪያ ሰንጠረዥ ይልቅ ብዙ እውነት ይወጣል። ባለጉዳዩ ሁለት መሐንዲሶችና የምርት ኃላፊው ባሉበት ቆመ። ብሩሹ ሲያልቅ ምን ይሆናል ተባለ፤ በስንት ጊዜ እንደሚታይ የጥገና መርሐ ግብር ውስጥ ማስገባቱን አሳየ። ኬብሉን መቀየር ለምን ያስፈልጋል፣ ብሩሹ ይበቃ የለም ወይ ተባለ፤ እዚህ ላይ ተንተባተበ፣ ተነቀፈ፣ በሳምንቱ የተስተካከለ መልስ በጽሑፍ አመጣ።

ቴክኒካዊው ጉዳይ አለቀ። የመመሪያው ጉዳይ ግን ቀረ። ከፋይናንስ የመጡት አባል «ለአንድ ሰው ተብሎ መመሪያ አይጣስም» አሉ፤ ትክክል ናቸው። ዛሬ ለሚገባው ሰው የተጣሰ መመሪያ ነገ ለማይገባው ይጣሳል። የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ሌላ መንገድ አመጡ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በኅብረት ስምምነት ሊወሰኑ ከሚችሉ ነገሮች መካከል የደረጃ ዕድገትን ይጠቅሳል። የኅብረት ስምምነቱ ድርድር ደግሞ በዚያው ዓመት የሚታደስበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ከአንድ ሰው ማመልከቻነት ወጥቶ የሁሉም ቴክኒሻኖች የድርድር ነጥብ ሆነ።

ድርድሩ ረጅም ነበር፤ ዝርዝሩ እዚህ አያስፈልግም። የተስማሙበት ይህ ነው፦ በተመሳሳይ ሙያ የተሠራ 2 ዓመት የቴክኒሻን አገልግሎት ለባለሙያ መደብ እንደ 1 ዓመት ይቆጠራል፤ አመልካቹ ዲግሪውንና ወደ ዲግሪው የገባበትን ማስረጃ ሙሉ ያቀርባል፤ የሠራውን አንድ ቴክኒካዊ ሥራ ጽፎ የባለሙያዎች ፓነል ፊት ያስረዳል፤ ደመወዙም በዕድገቱ ምክንያት ከነበረበት አይቀንስም። ሥራ አመራሩ አጸደቀው። ባለጉዳዩ በ2017 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ጥገና መሐንዲስነት ተመደበ። «ወደ ዲግሪው የገባበት ማስረጃ» ሲባል፣ ያ በሁለተኛው ሙከራ ያለፈው ሲኦሲ ከማኅደሩ ወጣ። ያኔ ትቶት ቢሆን ኖሮ ዲግሪው ራሱ ጥያቄ ይነሣበት ነበር።

ከተመደበ ወዲህ

ስለ ገንዘቡ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ወጣቶች ይህን ሳያውቁ ይገቡበታልና። የባለሙያ መደብ ደመወዝ ከፍ ይላል፤ የሺፍት አበልና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ግን ይቀራል። ባለጉዳዩ የመጀመሪያዎቹን ወራት ወደ ቤቱ ያስገባው ገንዘብ ከቀድሞው እምብዛም አልበለጠም። ሚስቱ «ይኸ ዕድገት ነው?» ብላ ጠይቃዋለች፤ መጠየቋ ልክ ነው። ልዩነቱ የሚታየው በእርከኑ ጣሪያ ነው። ቴክኒሻን ሆኖ ጣሪያው ላይ ደርሶ ነበር፤ አሁን ከፊቱ ብዙ እርከንና ከዚያ በላይ ያለው የከፍተኛ መሐንዲስ መደብ አለ።

ከባዱ ነገር ሌላ ነበር። ትናንት አብረውት ካቻቢቴ የጨበጡትን ዛሬ ሥራ ይመድባል። አንዳንዶቹ ቀዝቀዝ አሉበት። እሱ ያደረገው፣ ማለዳ የሥራ ክፍፍሉን ከማውጣቱ በፊት ከፎርማኑ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው፤ ለቡድኑ የሚያስታውቁትም ፎርማኑ ናቸው። ፎርማኑ አሁንም «አንተ ልጅ» ይሉታል፤ እሱም አሁንም «ጋሼ» ይላቸዋል። ይህ በድርጅት መዋቅር ላይ አይጻፍም፤ እኛ አገር ግን ቡድን የሚቆመው በዚህ ነው።

ከጉዳዩ ለሠራተኛ የሚሆነውን ከጠየቃችሁኝ፣ ዲግሪውን ከመጀመራችሁ በፊት መዝገባችሁን ጀምሩ እላለሁ። አንድ ደብተር ይበቃል፦ ቀን፣ ማሽን፣ ምልክቱ፣ የለካችሁት፣ የጠረጠራችሁት፣ ያደረጋችሁት፣ ከወር በኋላ የሆነው። ባለጉዳዩ ከብሎወሩ በፊት እንዲህ ያሉ ብዙ ሥራዎች ሠርቷል፤ ስለ እነሱ ኮሚቴው ዛሬም አያውቅም። ለድርጅቶች ደግሞ የምለው አለኝ። ከዲግሪ በፊት የተሠራን ሥራ ዜሮ የሚል መመሪያ ጥራት አያስጠብቅም። ጥራት የሚያስጠብቀው አመልካቹን አቁሞ መጠየቅ ነው። ዜሮ የተባለው ቴክኒሻን ደግሞ ጥሩ ከሆነ አይጠብቅም፤ አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ይሄዳል፣ ፋብሪካው በየዓመቱ አዲስ ሰው ማሠልጠን ይጀምራል።

የሥራ ትዕዛዝ ቅጹ ተቀይሯል፤ «የብልሽቱ ምክንያት» እና «የተወሰደ ልኬት» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ገብተውበታል። ሁሉም አይሞላቸውም፤ ሌሊት ሺፍት ላይ ያሉት በተለይ። በአዲሱ ስምምነት ሁለት ሌሎች ቴክኒሻኖች አመልክተዋል። አንደኛዋ በመካኒክ ክፍል የምትሠራ ስትሆን ዘገባዋን አስገብታ የፓነሉን ቀን እየጠበቀች ነው። ሁለተኛው ዲግሪ አለው፤ ነገር ግን ወደ ዲግሪው የገባው የደረጃ 4 ሲኦሲ ሳይዝ ነው። ማኅበሩ ምዘናውን አሁን ወስዶ ያሟላ ይላል፤ ሰው ሀብት መምሪያው ደግሞ ኋላ የተገኘ ሲኦሲ ያለፈውን አያቃናም ይላል። የእሱ ማመልከቻ ገና አልተወሰነም።